ቅቤ የጠጣ ጊታር፦ በቡራዩና በሱሉልታ ዞሮ ሰበታ የደረሰ መንገደኛ ማስታወሻ

ከእኛ ከጎፋ ሰፈር ዱባይ ደርሶ የሚመለስ ሰው ሞልቷል። ጓንዡ ሄዶ ጫማ አስጭኖ የመጣም አለ። ጎረቤት ተሰብስቦ ፎቶ ያያል፣ ስለ አየሩና ስለ ምግቡ ይጠይቃል። ቡራዩን፣ ሱሉልታንና ሰበታን በአንድ ጉዞ አዳርሶ የተመለሰ ግን አልገጠመኝም፤ እኔ ስመለስም ፎቶ ልይ ያለኝ የለም። ስለዚህ ይህን የምጽፈው እነዚያን ሩቅ አገሮች በዕድሜያችሁ ለማታዩ አዲስ አበቤዎች ነው። ቪዛ አይጠይቁም፣ ክትባትም የለም። የሚያስፈልገው የሚኒባስ ሳንቲምና ትዕግስት ብቻ ነው፤ አዲስ አበባን ከእነዚህ ከተሞች ጋር ያያይዛል በተባለው በማስተር ፕላኑ ሰሞን ደግሞ ከሁለቱ ትዕግስቱ ቶሎ ያልቅ ነበር።

የሄድኩት ለቤዝ ጊታር ነው። እንጀራዬ እሱ ነው፤ ቦሌ አካባቢ በሚገኝ አንድ ክለብ፣ መብራት በማይደርስበት ጥግ ቆሜ ቤዝ እመታለሁ። ዘፋኙን ሰው ያየዋል፣ ሳክስፎኑንም ያየዋል፣ ቤዝ መቺ መኖሩ የሚታወቀው የቀረ ቀን ነው። ክረምት ላይ ግራ እጄ ላይ የሚኒባስ በር ተዘጋበት። አጥንቱ ገጠመ፤ ትንሿ ጣቴና ጎረቤቷ ግን እንደ ቀበሌ ሠራተኛ ሆኑ፤ ቦታቸው ላይ አሉ፣ ሲፈለጉ አይገኙም። የፋብሪካ ቤዝ አንገቱ ረጅም ስለሆነ ጫፉ ላይ ያሉት ድምፆች ጋ መድረስ አቃተኝ። የባንዱ መሪ ቢኒያም አብሮ አደጌ ነው። በጣም እንዳዘነልኝ ነገረኝ፣ ሻይም ጋበዘኝ። ከዚያ፣ እጅህ እስከ ፊታችን ቅዳሜ ካልተስተካከለ ኪቦርዱ በግራ እጁ ቤዙን ይይዝልናል አለኝ። እንግዲህ የአሥራ ምናምን ዓመት ሥራዬ ለአንድ ሰው ግራ እጅ ሊሰጥ ነበር።

እኔ ግን ባዶ እጄን አልተቀመጥኩም ነበር። ሰበታ ማርቆስ የሚባል አናጢ አለ፤ ከወላይታ መጥቶ ፋብሪካ ሲሠራ ኖሮ፣ አሁን በዙሪያው ላሉት ቸርቾች ጊታር የሚሠራ። ሁለት ወር ቀደም ብዬ ሄጄ አንገቱ አጭር የሆነ፣ ለዚህ ለእጄ የሚሆን ቤዝ አዝዤው ነበር። ያኔ መጀመሪያ የጠየቀኝ ለጌታ ነው ወይስ ለዓለም ብሎ ነው። ለዓለም እንደሆነ ስነግረው፣ እሱ የሚሠራው እንጨት እንደሆነ፣ የምመታውን ግን ከላይ ያለው እንደሚጠይቀኝ ነግሮኝ ተቀበለኝ። ማርቆስ ትሁት ሰው አይደለም። ከውጭ የሚመጣውን ጊታር ሁሉ “ፕላስቲክ” ነው የሚለው።

አሠራሩ ደግሞ የራሱ ነው። አካሉን ከዋንዛ ጠርቦ ቡራዩ ወሰደው። እንጨት ከምድጃ በላይ ጭስ ውስጥ ተሰቅሎ ካልከረመ ይሰነጠቃል ይላል፤ የሰበታው አከራዩ ደግሞ ግቢው ውስጥ ጭስ አይወድም። ክሮቹ በስተኋላ የሚታሰሩበትን ብረት ሱሉልታ ለአንድ ቶርኖ ቤት ሰጠ። አንገቱን እሱ ጋ አስቀረው። ሲደርስ ደወለልኝና ሁለቱን እያነሳሁ እንድመጣ አዘዘኝ፤ አንገቱን ያለ ባለቤቱ እጅ አይጨርስም። የእኔ ጊታር እንዲህ ሦስት ከተማ ተበትኖ ነበር የሚኖረው።

ረቡዕ

ጠዋት ከጎፋ ተነስቼ በአስኮ በኩል ቡራዩ ገባሁ። ሚኒባሱ ውስጥ የማስተር ፕላኑን ነገር የማያውቅ አልነበረም። አንዱ መስመሩ በአክስቱ ጓሮ እንደሚያልፍ ነገረን፣ ሌላው አይ በወንዙ ማዶ ነው አለው፣ ረዳቱ ሁለቱንም አርሞ ሒሳብ ሰበሰበ። ካርታውን በዓይኔ አየሁ የሚል ሰው ግን አላገኘሁም። እኛ ጎፋ የቧንቧ ውሃ መቼ እንደሚመጣ እንኳ የሚያውቅ የለም፤ እዚህ እያንዳንዱ ተሳፋሪ መሐንዲስ ነው።

እንጨቱ የተሰቀለበት ቤት የኦቦ ጉደታ ነው። ሽማግሌ ገበሬ ናቸው፤ ማርቆስ ቡራዩ ሲኖር ቤት አከራይተውት ነበር። በር ላይ “አከም ጂርቱ” ብዬ የማውቀውን ኦሮምኛ በሙሉ አንዴ ጨረስኩት። እሳቸውም በደስታ ረጅም መልስ ሰጡኝ፤ ምንም እንዳልገባኝ ሲያዩ በአማርኛ ግባ አሉኝ። የጊታሩ አካል ከማድ ቤቱ ጣሪያ በታች ተንጠልጥሎ አየሁት። ጠቁሯል። ሁለቱ ቀንዶቹ ላይ የባለቤታቸው የአዴ ጫልቱ ቅሎችና ወንፊት ተሰቅለውበት ነበር። ሁለት ወር ሙሉ ከእኔ የተሻለ ሥራ ነበረው ማለት ነው።

ምሳ እስክትበላ አትሄድም አሉኝ። ጾም ነው ብል ሽሮ ቀረበ፣ ጎመን ቀረበ፣ ሱፍ ፍትፍት ቀረበ። እኛ ሰፈር እንግዳ መጥቶ ጾም ነኝ ካለ ባለቤቱ በሆዱ ተመስገን ይላል። ምሳው ሲያልቅ መንገዱም አለቀ፤ ወጣቶች ድንጋይ ደርድረዋል፣ ጎማም ይቃጠላል፣ ታክሲ የለም የሚል ወሬ መጣ። ኦቦ ጉደታ ወሬውን ሰምተው ወደ ባለቤታቸው ዞር አሉና አልጋ እንድታነጥፍ ነገሯት። እኔን አልጠየቁኝም።

ሐሙስ

መንገዱ አልተከፈተም። ኢንተርኔትም ጠፍቶ ነበር፣ መብራቱም እንዳሻው ይመጣል ይሄዳል። ኦቦ ጉደታ እርሻቸውን አስጎበኙኝ። የሚታይ ነገር አለ ብዬ አልዋሻችሁም፤ ጤፍ የታጨደበት መሬት፣ ጥቂት ባሕር ዛፍ፣ አንዲት ጥጃ። ጥጃዋ የታሰረችው ቀያሾች መጥተው በተከሉት ችካል ላይ ነው። ይህን ማድረግ ይቻላል እንዴ ብዬ ጠየቅኳቸው።

“ምን ላድርገው? መንቀል ክልክል ነው አሉኝ፤ ማሰር ክልክል ነው አላሉኝም” አሉኝ።

የሚቀልዱ መስሎኝ ሳቅኩ። እሳቸው ግን አልሳቁም። ችካሉ ከቤታቸው በር ፊት ለፊት ነው፤ ጠዋት ሲወጡ መጀመሪያ የሚያዩት እሱን ነው። ከዚያ በኋላ ቀኑን ሙሉ ስልካቸውን አነሱ ጣሉ። ልጃቸው አምቦ አስተማሪ ነው፤ ስልኩ ከጠፋ ሰንብቷል። አዴ ጫልቱ ጭኮ አቀረበችልን፤ ገብሱ በቅቤ ርሶ እጅ ላይ ይቀልጣል። እኔ እበላለሁ፣ እሳቸው ስልኩን ያያሉ። አዲስ አበባ ሆኜ ይህን ሁሉ ነገር እንደ ትራፊክ መጨናነቅ ነበር የምሰማው፤ እዚያ ተቀምጬ አፈርኩ። ማታ ራት ሳይቀርብ ስልኩ ጠራ። ልጁ ደህና ነበር። ኦቦ ጉደታ ስልኩን ዘግተው አንዴ በረጅሙ ተነፈሱና፣ ለምን ትንሽ በላህ ብለው እኔን መቆጣት ጀመሩ።

ዓርብ

ጠዋት መንገዱ ለእግረኛ ተከፈተ ተባለ። አዴ ጫልቱ ጊታሩን አውርዳ አመጣችልኝ። እንዲህ ያለ ወዝ አይቼ አላውቅም፤ እንደ ሙሽራ ያበራል። ምን አድርገሽው ነው ብላት በየሳምንቱ ቅቤ ስትቀባው እንደከረመች በኩራት ነገረችኝ። አዲስ ገበታ ካልተቀባ ይሰነጠቃል፣ የሰው ዕቃ ደግሞ አደራ ነው አለችኝ። ማርቆስ ሲሰቅለው ምን ልቀባው ብላ ልትጠይቀው ፈልጋ ረስታው ነበርና፣ ላለመሳሳት የተነጠረውን ቅቤ መርጣለች። እኔ ስለ እንጨት የማውቀው ወንበር ይሆናል የሚለውን ብቻ ነው። “ገላቶማ” ብዬ ሁለቱንም ስሜ ተሰናበትኩ።

ስለዚህ በጾም ቀን፣ ጾሙን የገደፈ ጊታር በጆንያ ጠቅልዬ ወደ አስኮ በእግሬ ጉዞ ጀመርኩ። ድንጋዩ ጋ የነበሩት ልጆች አስቆሙኝ።

“ምንድነው?”

“ጊታር ነው።”

“አንገቱስ?”

“ሰበታ ነው ያለው።”

“ክሩስ?”

“ፒያሳ እገዛለሁ።”

ሽታውን አሸተቱ፣ እርስ በርስ ተያዩ፣ አሳለፉኝ። ትንሽ ሄድ ስል ፖሊሶች አስቆሙኝና እነዚያኑ ጥያቄዎች በዚያው ቅደም ተከተል ጠየቁኝ። እነሱም አሸተቱ። በዚያ ሰሞን ሁለቱ ወገኖች በአንድ ነገር ሲስማሙ ያየሁት በእኔ ጊታር ላይ ብቻ ነው፤ ሁለቱም ሰውየው ጤነኛ አይደለም ብለው ነው ያሳለፉኝ።

ለአላዋቂ አንባቢ አንድ ነገር ላስረዳ። ከቡራዩ ሱሉልታ ለመሄድ ተመልሶ አዲስ አበባ መግባት ያስፈልጋል። ከሱሉልታ ሰበታም እንደዚያው። እነዚህን ከተሞች አንድ ላይ ስለሚያስተሳስር ፕላን አገር ይታመሳል፣ የሚያገናኛቸው ታክሲ ግን አልነበረም። ፒያሳ ወርጄ ክር ገዛሁ፣ ከአዲሱ ገበያ ሌላ ሚኒባስ ይዤ የእንጦጦን ዳገት ወጣሁ።

ሱሉልታ ብርድ ነው። እኛ ጎፋ ብርድ ሲሆን ጃኬት እንለብሳለን፤ ሱሉልታ ሰው ጃኬቱን ሳያወልቅ ጋቢ ይደርብበታል። የቶርኖ ቤቱ ባለቤት ደሳለኝ የወፍጮና የውሃ ፋብሪካ ዕቃ ሠሪ ነው። ብረቱን በጨርቅ ጠቅልሎ ሰጠኝና እጄ ወደ ታች ወረደ። የአራት ክር ማሰሪያ ነው ያዘዝነው፤ እሱ ግን መኪና የሚጎትት ነገር ሠርቷል። ከበደኝ ስለው ተቀየመኝ።

“የእኔ ሥራ አይሰበርም። ጊታሩ ቢሰበር እንኳ እሱ ይኖራል” አለኝ።

ሊያስረዳኝ ፈልጎ መሬት ላይ ጣለው። የተሰነጠቀው ሲሚንቶው ነው። ከዚያ ከሰዓት በኋላ ወደ ከተማ የሚወርድ ታክሲ ጠፋና ደሳለኝ ራሱ ፔንሲዮን ወሰደኝ። ባለቤቷ ብርድ ልብሱን ብቻ ሳይሆን የአልጋውን ምንጣፍም ጨምራ ደረበችልኝ። መብራት አልነበረም፣ ሙቅ ውሃ አለ የሚለው ጽሑፍ ግን ግድግዳው ላይ ነበር። ደሳለኝ ቅያሜውን ትቶ ከቤቱ ምስር ወጥ በሣህን ይዞልኝ መጣና፣ ሳልበላው እንዳይቀዘቅዝ አጠገቤ ቆሞ ጠበቀኝ። ጊታሩን አልጋው ላይ ከጎኔ አስተኛሁት፤ ሽታው ረሀብ ይቀሰቅሳል።

ቅዳሜ

ቀኑ ደረሰ። በማለዳ ወርጄ፣ ከአየር ጤና ሚኒባስ ይዤ፣ በዓለም ገና በኩል ሰበታ ገባሁ። ዕቅዴ ግልጽ ነበር። ማርቆስ እስከ ምሳ ይገጥመዋል፣ ከሰዓት ቦሌ እደርሳለሁ፣ ቢኒያም ፊት ቆሜ እመታለሁ፣ ኪቦርዱም ግራ እጁን ወደ ኪሱ ይመልሳል።

ማርቆስ ጆንያውን ፈታና አሸተተ። ከዚያ ጣቱን እንጨቱ ላይ አሻሸ፣ ጣቱን አየው፣ ወደ ሰማይም አየ።

“ቅቤ ነው?”

“የተነጠረ ነው” አልኩት፤ ነገሩን የሚያቀልልኝ መስሎኝ።

ቅቤ በጠጣ እንጨት ላይ ቫርኒሽ አይዝም። ማርቆስ ይህን ያስረዳኝ ከሰላሳ ማዕዘን ነው፤ ስለ ጭስ እንጂ ስለ ቅቤ ማን አወራ እያለ። ባለቤቱ ወርቅነሽ ከውስጥ ወጥታ ጊታሩን አየችና፣ እሷም ብትሆን ትቀባው እንደነበር ተናገረች። እሱ የቫርኒሹን ጣሳ ከደነ። ቫርኒሹ ተተወ። እስከ ዛሬ ጊታሬ ሙቀት ሲያገኘው ሰው ሁሉ ወጥ የተሠራበትን ክፍል ይፈልጋል።

ከዚያ ወደ እጄ ዞረ። ወንበር ላይ አስቀመጠኝ፣ አንገቱን በግራ እጄ አስጨበጠኝ፣ ዓይኔን ጨፍኜ ጣቶቼን ከላይ እስከ ታች እንዳንሸራትት አዘዘኝ። ጣቴ በቆመችበት ቦታ ሁሉ አንገቱን ነጥቆ በሞረድ ይፍቃል፣ መልሶ ያስጨብጠኛል። ነጥቆ ይፍቃል፣ ያስጨብጣል። ወርቅነሽ ምሳውን በእጇ አጎረሰችኝ፤ እጄ ሥራ ላይ ነበርና። አገሬ ሆኜ ሐኪሞቹ እንኳ ይህችን ጣት እንዲህ ጊዜ ሰጥተው አላዩዋትም። በመጨረሻ ትንሿ ጣቴ ያልደረሰችበት ቦታ ደረሰች። ዓይኔን ስገልጥ ማርቆስ ይህን ከመጀመሪያው እንደሚያውቅ ሰው ጺሙን ያካል።

ብረቱን አሰርን፣ ክሩን ወጠርን። እንሰማው ስንል መብራት ሄደ። ኤሌክትሪክ ጊታር ያለ ኤሌክትሪክ ምን እንደሚመስል ያላወቀ ሰው፣ ትንኝ በማንኪያ ሲመታ ያስብ። ይባስ ብሎ የጎረቤት ልጅ መጥቶ ዓለም ገና ላይ መንገድ ተዘግቷል፣ ዛሬ የሚከፈት አይመስልም ብሎን ሄደ። ሰዓቱን አየሁ። ይህን ሁሉ ዞሬ፣ ቤዙ ጭኔ ላይ ሆኖ፣ ሥራዬ ከአየር ጤና ወዲያ ማዶ ሊያልፍ ነው።

ማርቆስ ክንዴን ይዞ መኝታ ቤት አስገባኝ። መብራት ሲጠፋ ሥራውን የሚፈትነው እዚያ ነው። የጊታሩን ጭንቅላት የወርቅነሽ ቁም ሳጥን በር ላይ ተጭኜ እንድመታ ነገረኝ። መታሁ። ቁም ሳጥኑ በሙሉ ተናገረ፤ ወለሉም ተሰማው። እውነተኛ፣ ወፍራም፣ ደረት የሚገባ ድምፅ ነው። እንባዬ መጣ፤ ማርቆስ ያየው እንደሆነ ሁልጊዜ እንደሚያወራበት ስለማውቅ ፊቴን አዞርኩ።

ለቢኒያም ደወልኩለት። መንገዱ መዘጋቱን፣ እጄ መዳኑን፣ አሁኑኑ በስልክ ሊሰማኝ እንደሚችል ነገርኩት። ስልኩን ድምፅ ማጉያው ላይ አድርጌ ቁም ሳጥኑ ውስጥ፣ በወርቅነሽ የቸርች ልብሶች መካከል አስቀመጥኩት፣ በሩን ገጠም አደረግኩት። ከዚያ ቅዳሜ ቅዳሜ መጀመሪያ የምንጫወተውን ዘፈን መታሁለት፤ ጣቴ ያልደረሰችበት ያ ቦታ ያለበትን። ደረሰች። ሁለት ጊዜ ደገምኩት። ጨርሼ እጄን ከክሩ አነሳሁ።

የቢኒያም ድምፅ ከልብሶቹ መካከል መጣ።

“ሶል፣ እጅህ ደህና ነው። በጣም ደህና ነው።” ቆመ። “እውነቱን ልንገርህ? ሰው መውጣት ትቷል፣ የክለቡ ባለቤትም ሰው ቀንስ ብሎኛል። ጣትህ ምክንያት ሆነችልኝ እንጂ ነገሩ እሷ አይደለችም። ኪቦርዱን ልቀንሰው አልችልም፣ አንተን ግን…”

ጨረሰው፣ ይቅርታም ጠየቀኝ፣ ዘጋ። ከሥራ የተባረርኩት ከአንድ ቁም ሳጥን ውስጥ በወጣ ድምፅ ነው። ከፋኝ። ለአንዲት ጣት ብዬ ሦስት ከተማ ዞርኩ፤ ጣቲቱ ግን ንጹሕ ነበረች። ማርቆስ ሰውየው ፕላስቲክ ነው አለና ወደ ደጅ ወጥቶ በሩ ሥር ቆመ።

እሑድ መንገዱ ተከፈተና ወደ ጎፋ ተመለስኩ፤ ስለ እሑድ የሚባለው ይኸው ነው። ቅዳሜን ግን አልጨረስኩም።

ማርቆስ ከወጣ በኋላ ወርቅነሽ ጆሮዋን የቁም ሳጥኑ ጎን ላይ እንዳደረገች ቆማ ነበር። እኔ ስመታ ሁሉ እዚያ ነበረች፤ አላየኋትም። ቤዝ ለብቻው ሰምታ አታውቅም።

“ይሄ ነገር ሰው የሚጠብቅ ነው የሚመስለው” አለችኝ።

ቤዝ እንደዚያ እንደሆነ ነገርኳት። ለብቻው አይደለም፣ ሌሎቹ ሲገቡበት ነው።

“ሌሎቹስ?”

“የሉም። ሰምተሽዋል እኮ።”

ስልኬን ከልብሶቿ መካከል አውጥታ አልጋው ላይ አስቀመጠችልኝ። የቁም ሳጥኑን በር ዘግታ ጀርባዋን አስደገፈችበትና እንደገና ጀምር አለችኝ። ጀመርኩ። ትንሽ አዳመጠች፣ ከዚያ በወላይትኛ የሆነ መዝሙር ይዛ ገባች። የገባችው ፈጽሞ መግባት በሌለባት ቦታ ነው፣ ድምፁም የእኔ አይደለም፣ ምቱም የእኔ አይደለም። ማርቆስ ደጅ ሆኖ በእጁ ፊቱን ሲሸፍን አየሁት። በሥራዬ ዘመን ሁሉ እንዲህ የገባ ዘፋኝ ሲያጋጥመኝ አቁሜ፣ እንደገና እንጀምር እላለሁ።

አላቆምኳትም። ቤዙን ይዤ እሷ ወዳለችበት ምት ሄድኩ።